ካሜራ በቀየርን ቁጥር ምስሉ ለምን ይሰባበራል?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ያገለግላል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምንሠራው በኤተም ሚኒ ፕሮ ስዊቸር (ካሜራዎችን በሚቀያይረው መሣሪያ) ነው። ሦስት ካሜራ አለን፣ የመዝሙር ግጥም የሚያወጣ አንድ ላፕቶፕም አለ። ሽማግሌዎቻችን ‹ካሜራው ሲቀየር ዓይን አይምታ፣ ለስለስ ይበል› ስላሉን ሁሉንም በሚክስ (አንዱ ምስል ቀስ እያለ ወደ ሌላው በሚቀየርበት ሽግግር)፣ በ2 ሰከንድ አደረግነው። አሁን በላይቭ የሚከታተሉን ሰዎች ካሜራ በተቀየረ ቁጥር ምስሉ ይሰባበራል ይላሉ። ሰባኪው ባለ ሁለት ራስ ይመስላል ያሉንም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሚክስ መርጠን እያለ፣ በተኑን ስንነካው ዘሎ በቀጥታ ይቀየራል። ቲ-ባር (ሽግግሩን በእጅ የሚመሩበት እጀታ) ያለው፣ ብዙ ኢፌክት ያለው ትልቅ ስዊቸር ብንገዛ ይስተካከላል?»

አይስተካከልም። ያንኑ የ2 ሰከንድ ሚክስ በውድ ማሽን ትሠሩታላችሁ እንጂ። ብሩን ለጊዜው ያዙት። የጠየቃችሁት ሦስት የተለያየ ችግር ነው፤ ሦስቱም በያዛችሁት ስዊቸር ይፈታሉ። አስቀድሜ ግን የሽማግሌዎቹን ነገር ላንሳ፣ ሥሩ ያለው እዚያ ነውና።

ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው። ዓይን የሚመታ ነገር አይተዋል። እናንተ የሳታችሁት መድኃኒቱን ነው። ዓይናቸውን የመታው ከት (በቅጽበት መቀየር) መሆኑ አይመስለኝም፤ ከቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ሰባኪው ቃል ሳይጨርስ መሃል ላይ ትቆርጡታላችሁ። ወይም ካሜራ 2 ገና ዙም እያደረገ፣ ፎከስ እየፈለገ አየር ላይ ታወጡታላችሁ። ወይም ከወገብ በላይ ከሚያሳይ ካሜራ ወደ ሌላ ከወገብ በላይ ወደሚያሳይ ካሜራ ትሄዳላችሁ፤ ያኔ ሰውየው ከቆመበት ብድግ ብሎ የዘለለ ይመስላል። እነዚህን ስህተቶች ሚክስ አይሸፍናቸውም። በቅጽበት ያልፍ የነበረውን ስህተት 2 ሰከንድ ሙሉ ያሳየዋል።

ዛሬ ማታ ዜና ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፉና ሽግግሮቹን ቁጠሩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከት ነው። ኳስም እንደዚያው። ሪፕሌይ ሲገባና ሲወጣ ብቻ የውድድሩ አርማ ስክሪኑን ጠርጎ ያልፋል፤ «ይሄ ያለፈ ነው፣ አሁን እየሆነ አይደለም» ለማለት ነው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ካሜራ ሲቀያየር ከቱን ልብ ያለ ተመልካች አላውቅም። ደንበኛ ከት አይታይም።

አሁን ወደ ሁለቱ ራስ። ሚክስ ማለት ስዊቸሩ ሁለት ምስል መደረቡ ነው። መነሻው ላይ ካሜራ 1 መቶ በመቶ ነው፣ ካሜራ 2 ዜሮ። አንዱ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ ይሄድና እኩሌታው ላይ ሃምሳ በሃምሳ ይሆናሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትሠሩ ከሆነ 2 ሰከንድ 50 ፍሬም ነው። ከነዚህ ውስጥ መሃለኞቹ 30 ያህሉ ላይ ሁለቱም ምስሎች ጎልተው ይታያሉ። ሁለቱም ካሜራዎች ሰባኪውን በተቀራራቢ መጠን ከያዙት፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ ሁለት ራስ፣ አራት ዓይን፣ ሁለት ማይክ ይወጣል። ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሚክስ የሚያምረው ሁለቱ ምስሎች በጣም ሲለያዩ ነው፤ ከሰፊው የአዳራሹ እይታ ወደ ዘማሪዋ ፊት፣ ከበገናው ጣት ወደ ጉባኤው። አንድን ሰው በሁለት ካሜራ ስትይዙ ግን ከት ብቻ ተጠቀሙ፤ ያውም አንዱ ካሜራ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ።

ምስሉ የሚሰባበረው በሌላ ምክንያት ነው፤ ስዊቸሩ ውስጥ ያለውን፣ ቪዲዮውን ለኢንተርኔት የሚጨምቀውን ኢንኮደር ይመለከታል። ኢንኮደሩ ሙሉ ምስል በየፍሬሙ አይልክም። የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልከው። ከሰባኪው ጀርባ ያለው መጋረጃ አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ደግሞ አይልከውም። እጁ ወደ ቀኝ ከሄደ «ያችን ቁራጭ ወደ ቀኝ ግፋት» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይልካል። ርካሽ ሥራ ነው። ከት ሲመጣ አንድ ሙሉ አዲስ ምስል መላክ አለበት፤ ከባድ ነው፣ ግን አንዴ ነው፣ ያልፋል። በሚክስ ጊዜ ግን መጋረጃው፣ ግድግዳው፣ ሰውየው፣ ሁሉም ነጥብ በየፍሬሙ ብርሃኑም ቀለሙም ይለወጣል። የትም አልሄደም፣ ግን ተለውጧል፤ ስለዚህ «ግፋው» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም። እንዲህ እያለ ለ50 ፍሬም ይዘልቃል። የተመደበለት ቢትሬት (በሰከንድ የሚልከው የዳታ መጠን) አይበቃውም። ሲያጥረው ይቆጥባል፣ ቁጠባው ነው ተመልካቾቻችሁ ካሬ ካሬ ሆኖ ያዩት።

ይህ ችግር ኢንተርኔታችሁ ደካማ በሆነ ቁጥር ይብሳል። በኤተም ሚኒ ፕሮ ላይ ዝቅተኛው የስርጭት ጥራት በ25 ፍሬም 3 ሜጋቢት፣ በ50 ፍሬም ደግሞ 4.5 ሜጋቢት ገደማ ነው። ቁጥሩን ስታዩ 50ው የተሻለ ይመስላል። አካፍሉት። በ25 ለአንድ ፍሬም 120 ኪሎቢት ይደርሳል፣ በ50 ግን 90 ብቻ። ስለዚህ ዝቅተኛው ጥራት ላይ የምትቆዩ ከሆነ 25 ፍሬም ላይ ሁኑ። ጥራቱን ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ግን የአፕሎድ ፍጥነታችሁ ከምትልኩት እጥፍ ካልሆነ አትሞክሩት። መለኪያውም ማክሰኞ ማታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ከገባ በኋላ ለኩት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ስዊቸር ዩኤስቢ ዲስክ ላይ የሚቀዳው ለስርጭት ያዘጋጀውን ያንኑ ቪዲዮ ነው። ላይቭ ላይ የተሰባበረ ሚክስ ቅጂው ላይም ተሰባብሮ ታገኙታላችሁ፤ በኋላ በኤዲቲንግ አይመለስም።

ፍሬሙን ካነሳን አይቀር፣ የስዊቸሩን ቪዲዮ ፎርማት በእጃችሁ ወስኑት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ቀድሞ የተሰካለትን ይከተላል። ላፕቶፑን መጀመሪያ ከሰካችሁ 60 ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ካሜራዎቻችሁ በ25 ወይም በ50 እየሠሩ ማለት ነው። ስዊቸሩ ራሱ አስተካክሎ ይቀበላቸዋል፣ ምስል አይጠፋም። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ግን እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። ይህን አይተው «ትራንዚሽኑ ይቆራረጣል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ትራንዚሽኑ ምንም አላደረገም። እኛ አገር መብራቱ 50 ሄርዝ ስለሆነ ካሜራዎቹን 25 ወይም 50 ላይ፣ ሸተሩንም (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ላይ ማድረጉ ከአምፖል ብልጭልጭታም ያድናል።

ሦስተኛው፣ ሚክስ መርጣችሁ እያለ ዘሎ የሚቀየረው ነገር። ይህ ስዊቸር ከካርቶኑ ሲወጣ «ከት በስ» በሚባለው አሠራር ላይ ነው። በዚህ አሠራር የካሜራውን በተን ስትነኩ ወዲያው አየር ላይ ይወጣል። በምን ሽግግር እንደሚወጣ የሚወስነው ከጎን ካሉት ሁለት በተኖች የበራው ነው፤ ከት ከበራ ይዘላል፣ አውቶ ከበራ የመረጣችሁት ኢፌክት ይሠራል። እናንተ ሚክስን ትመርጣላችሁ፣ ጊዜውንም 2.0 ላይ ታደርጋላችሁ፣ ግን አንድ ሰው ቀደም ሲል ከትን ነክቶ ትቶታል። ሚክስ መምረጥ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የኔ ምክር ግን ከዚህ አሠራር ጨርሶ ውጡ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የኤተም ሶፍትዌር ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ «ፕሮግራም ፕሪቪው» የሚለውን ያዙ። ከዚያ በኋላ የካሜራ በተን ስትነኩ አረንጓዴ ይበራል እንጂ አየር ላይ አይወጣም። ቀዩ አሁን የሚታየው ነው፣ አረንጓዴው የሚቀጥለው። አረንጓዴውን በመልቲቪው (ሁሉንም ካሜራዎች በአንድ ስክሪን በሚያሳየው) ታዩታላችሁ፤ ፎከሱ ገብቷል? ካሜራማኑ ዙሙን ጨርሷል? አዎ ከሆነ ከት ወይም አውቶ። ሁለት ጊዜ መንካት መጀመሪያ ላይ ያዘገያል፣ ሁለት እሑድ ያበሳጫችኋል። በሦስተኛው ትለምዱታላችሁ። «ዓይን የሚመታ» ያላችሁት ነገር አብዛኛው በዚህች አንዲት ለውጥ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ያልተዘጋጀ ካሜራ አየር ላይ መውጣቱ ይቀራል።

ሚክስን ጨርሳችሁ ጣሉት አላልኩም። ዝግ ባለ መዝሙር ላይ ከሚክስ የተሻለ ነገር የለም። እዚያም 2 ሰከንድ ብዙ ነው፤ 1 ሰከንድ ሞክሩ፣ በጣም ዝግ ላለው 1.5። ትልቁ ሚስጥር ጊዜው ላይ ነው። ዓይን ሽግግሩን የሚቆጥረው አዲሱ ምስል ሲያሸንፍ፣ ማለትም እኩሌታው ላይ ነው። አዲሱ ስንኝ ሲጀምር አውቶን ከነካችሁ ሁልጊዜ ግማሽ ሰከንድ ትዘገያላችሁ። ዘማሪዋ ትንፋሽ ስትወስድ ንኩት። ትከሻዋ ከፍ ሲል ታዩታላችሁ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል። ይህን አንዴ ካገኛችሁት ጣታችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ፈጣን መዝሙር፣ ከበሮና ጭብጨባ ሲመጣ ደግሞ ወደ ከት ተመለሱ። ምቱ ላይ ቁረጡ። በየምቱ ሳይሆን በየአራቱ፣ አንዳንዴ በየስምንቱ። እዚህ ላይ ሚክስ ከገባ መዝሙሩ ውሃ የገባበት ይመስላል።

ዲፕ አንድን ምስል ወደ ቀለም ይወስድና ከቀለሙ ሌላውን ያወጣል። ወደ ጥቁር ከሆነ «ይሄ ምዕራፍ አለቀ» ማለት ነው፤ አምልኮው አልቆ ስብከቱ ሲጀምር፣ ቀድሞ የተቀረፀ ቪዲዮ ሲገባና ሲወጣ። በአንድ ፕሮግራም ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ወደ ነጭ የሚሄደውን ዲፕ ተጠንቀቁ። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ካላችሁ ፍላሽ የተነሳ ይመስላል፤ እሱን በፍጥነት ማደጋገም ደግሞ ብልጭታ የሚጥላቸውን ሰዎች ይጎዳል። በሰከንድ ከሦስት በላይ ብልጭታ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ዋይፕና ዲቪኢ የሚባሉት፣ ምስሉን የሚጠርጉት፣ የሚገፉት፣ የሚጨምቁት ናቸው። የድሮ የሰርግ ካሴት ያየ ያውቃቸዋል። ሙሽራዋ በልብ ቅርጽ ውስጥ ትወጣለች፣ ሚዜዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለበጣሉ፣ ኬኩ እየተሽከረከረ ይመጣል። እኔም ሠርቻለሁ፣ አልክድም፤ ያኔ ደንበኛው በኢፌክት ብዛት ነበር የሚከፍለው። ለእሑድ ፕሮግራም ግን አያስፈልጉም። ከፈለጋችሁም አንድ ገደብ አለ፤ ይህ ስዊቸር ያለው አንድ ዲቪኢ ብቻ ነው። በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ምስል ስታወጡ እሱን ይጠቀማል። ትንሿ ምስል አየር ላይ እያለች የመግፋት ወይም የመጭመቅ ሽግግር ብትጠይቁት አይሠራላችሁም። ተበላሽቶ አይደለም።

የመዝሙር ግጥሙን ላፕቶፕ እንደ አንድ ካሜራ አድርጋችሁ ወደ እሱ ሚክስ እያደረጋችሁ ከሆነ ያንን ተዉት። ግጥሙ በካሜራው ምስል ላይ ከታች ይቀመጥ። ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል አዘጋጁ፣ በዳውንስትሪም ኪ (ከካሜራዎቹ ምስል በላይ በሚደረበው) በኩል በሉማ (ጥቁሩን አጥፍቶ ብሩሁን በሚያስቀረው) አውጡት፤ ካሜራ ስትቀያይሩ ግጥሙ ከቦታው አይነቃነቅም። ወፍራም ፊደል ምረጡ። የግእዝ ፊደል ቀጫጭን እግሮችና ቅጥያዎች በሉማ ኪ ይበላሉ፤ «ሷ» «ሳ» ትሆናለች፣ ሰውም ስህተት ይዘምራል። የግጥም ማሳያው ፕሮግራም የራሱ ፌድ ካለው ደግሞ አንዱን አጥፉ። ላፕቶፑም ስዊቸሩም ሲያደበዝዙት ፊደሉ እየተጎተተ ይወጣል።

ድምፁን ባጭሩ፦ ድምፃችሁ ከሚክሰሩ ወደ ስዊቸሩ የማይክ መግቢያ የሚመጣ ከሆነ እሱን ሁልጊዜ እንደበራ ተዉት፣ የካሜራዎቹን ድምፅ በሙሉ አጥፉ። ድምፅ ቪዲዮውን እንዲከተል የሚያደርገውን ኤኤፍቪ ካሜራዎቹ ላይ ካበራችሁ በየሽግግሩ የአዳራሹ ማሚቶ ይገባል ይወጣል፤ ሰው ግን ጥፋቱን የሚጥለው ትራንዚሽኑ ላይ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው ፌድ ቱ ብላክ ነው። ኤፍቲቢ የተጻፈበት በተን። ይህ እንደሌሎቹ ሽግግር አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ሆኖ ሁሉንም ያጠቁራል፣ ጽሑፉንም ጭምር። አንዴ በሰርግ አዳራሽ ውስጥ በጨለማ ጣቴ ስቶ ነካሁት። ስክሪኖቹ ሁሉ ጠቆሩ። ካሜራ 1 ነካሁ፣ ምንም። ካሜራ 2፣ ምንም። ገመድ የተነቀለ መስሎኝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። በተኑ ራሱ ከላይ ቀይ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፣ እኔ ግን ከጠረጴዛ ሥር ነኝ። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። መፍትሔው ያንኑ በተን ደግሞ መንካት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ በተኑ ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ።

ሁለተኛው መብራት ነው። በሶፍትዌሩ ያስተካከላችሁት የሚክስ ጊዜ፣ የሉማ ኪው ልክ፣ የድምፅ መጠኑ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካላስቀመጣችሁት ይጠፋል። ማሽኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያኔ ነው «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው። ሁሉንም አስተካክላችሁ ስትጨርሱ በፋይል ሜኑ ውስጥ «ሴቭ ስታርትአፕ ስቴት» የሚለውን ንኩ። ለስዊቸሩና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) አድርጉ፤ ሁለቱ የሚበሉት ኃይል ጥቂት ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ምንም ሴቲንግ አትንኩ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጉ። ስዊቸሩን ወደ ፕሮግራም ፕሪቪው ቀይሩት፣ ፎርማቱን 1080ፒ በ25 ፍሬም ላይ አስሩት። ስብከት ላይ ከት ብቻ። ዝግ ያለ መዝሙር ላይ የ1 ሰከንድ ሚክስ። ምዕራፍ ሲዘጋ ዲፕ ወደ ጥቁር። ሌላ ምንም። ለሽማግሌዎቹ ምን እንደቀየራችሁ አትንገሩ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ «ዛሬ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ብቻ ጠይቋቸው።

ቲ-ባር የሚያስፈልገው የሚክሱን ፍጥነት በእጅ ለመምራት ነው፤ መሃል ላይ ቆም አድርጎ ሁለቱን ምስሎች ይዞ ለመቆየት። መልካም ነገር ነው፣ ግን ያልለመደ እጅ ሳይጨርሰው ይተወዋል፤ ሁለቱም በተኖች ቀይ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ምስሉም ተደራርቦ ይቆያል። ገበያ ላይ «ኤችዲኤምአይ ስዊች» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ትንሽ ሳጥን ደግሞ ማንም ቢመክራችሁ እንዳትገዙ። እሱ ቴሌቪዥን ላይ ዲኮደርና ጌም ለመቀያየር የተሠራ ነው፤ በቀየራችሁ ቁጥር ምስሉ ጠፍቶ ከቆይታ በኋላ ነው የሚመለሰው።

ለስዊቸር ያሰባችሁትን ብር ሁለት ነገር ላይ አውሉት። አንዱ መልቲቪውን የምታዩበት ደህና ሰፊ ሞኒተር ነው። ሌላው ከካሜራማኖቹ ጋር የምትነጋገሩበት ሄድሴት። በጀቱ ከጠበበ ለጊዜው በስልክ የቡድን ጥሪና በአንድ ጆሮ ኢርፎን መጀመር ይቻላል፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ከእጅ ምልክት ይሻላል። ካሜራ 2ን የያዘው ልጅ «ሁለት፣ ተዘጋጅ፣ ጠበብ አድርገህ ያዝ፣ አትነቃነቅ» ሲባል ከሰማ፣ እናንተም አረንጓዴው ላይ የዘማሪዋ ፊት ጥርት ብሎ ሲወጣ ካያችሁ፣ ያኔ ከትን ንኩት።